ጊታሩ፣ ፔዳሉና የቤቱ በጀት

በእሑድ አምልኮ ላይ ዓይናችንን ከዘማሪዎቹ ፊት ዝቅ አድርገን ወደ ሊድ ጊታሪስቱ እግር ብንመለከት፣ ቀይ መብራት የሚያበሩ ትንንሽ የብረት ሣጥኖች በጣውላ ላይ ተደርድረው ልናይ እንችላለን። ወንድማችን በጫማው ጫፍ አንዱን ሲረግጥ ጊታሩ ይጮኻል፤ ሌላውን ሲረግጥ ድምፁ እንደ ገደል ማሚቶ እየተደጋገመ ይሄዳል። እነዚህ ሣጥኖች ፔዳል ወይም ኢፌክት ይባላሉ፤ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲሰበሰቡ ደግሞ ፔዳል ቦርድ። ምእመኑ ስለ እነርሱ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፦ ውድ መሆናቸውንና አንዳንዴ ጆሮ የሚበሱ መሆናቸውን። የጊታሪስቱ ባለቤት ግን ሦስተኛም ታውቃለች፦ ገንዘቡ ከየት እንደ ወጣ።

በአሰላም ሆነ በኢተያ፣ በሳጉሬም ሆነ በበቆጂ፣ ፔዳል መግዛት የሚጀምር ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በቪዲዮ ካየው ነው። የውጭ አገር የአምልኮ ቡድን ጊታሪስት አሥራ ሁለት ፔዳል ደርድሮ ያያል፤ ከዚያም አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ ለመሰብሰብ ይነሣል። ያ ሰው የሚጫወተው ምን ዓይነት ዝማሬ፣ በምን ዓይነት አዳራሽ፣ በምን ዓይነት ኤሌክትሪክ እንደ ሆነ ግን አይጠይቅም። በእኔ አስተያየት የአርሲ ደጋ ጊታሪስት ሰሌዳ ከዝማሬአችን፣ ከአዳራሻችንና ከኪሳችን ሊነሣ ይገባዋል፤ ከዚያ ከተነሣ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ፔዳል ይበቃዋል።

ታሪኩን በአጭሩ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1962 የጊብሰን ኩባንያ የጊታርን ድምፅ የሚያሻክር «ማኤስትሮ ፈዝ ቶን» የተባለ መሣሪያ ለገበያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1967 በእግር እየተረገጠ «ዋው ዋው» የሚያሰኘው ፔዳል ገበያ ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ የጃፓኑ ቦስ ኩባንያ በዘጠኝ ቮልት ባትሪ የሚሠሩ፣ በአንድ እጅ የሚያዙ ትንንሽ ፔዳሎችን ማምረት ጀመረ፤ ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ ሣጥኖች ቅርጻቸውን የወረሱት ከዚያ ነው። ለኢትዮጵያ ቅኝትም ፔዳል አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» በተባለው የሙላቱ አስታጥቄ አልበም ላይ ዋው ዋው ይሰማል። በወንጌላውያን ዘንድ ግን መንገዱ ሌላ ነበር። በደርግ ዘመን የእነ ተስፋዬ ጋቢሶና የእነ ደረጀ ከበደ ካሴቶች ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጡ ብዙ አጥቢያዎች አዳራሻቸው ተዘግቶ ነበር፤ በየቤቱ ተሰብስበው የሚዘምሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ዛሬ «ይህ ጊታር ለምን ይጮኻል?» የሚሉ አባቶችና እናቶች የዝማሬ ትዝታቸው ከየት እንደሚመጣ ወጣቱ ቢያስብ፣ ጥያቄያቸውን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

ኬብሉ የት ያልቃል?

ፔዳል ከመግዛት በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ «የትኛው ማርካ ይሻላል?» አይደለም። «ከመጨረሻው ፔዳል የሚወጣው ኬብል የት ይሰካል?» ነው። መልሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ወደ ጊታር አምፕሊፋየር፣ ወይ በቀጥታ ወደ ሚክሰር። በእኛ አካባቢ ብዙ አዳራሾች የጊታር አምፕ የላቸውም፤ ጊታሩ ከዘማሪዎቹ ማይክ ጋር ሚክሰሩ ውስጥ ይገባና በትልልቁ ስፒከር ይወጣል።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5,000 ኸርትዝ ገደማ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ አያወጣም፤ ማጣሪያ ነው ማለት ይቻላል። ኦቨርድራይቭ ወይም ዲስቶርሽን የሚባሉት ፔዳሎች የተሠሩት ይህ ማጣሪያ ከኋላቸው እንዳለ ታስቦ ነው። እነዚህኑ በቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ብንሰካቸው የአዳራሹ ስፒከር ያንን ሁሉ ቀጭን ድምፅ ሳያስቀር ያወጣዋል፤ ጊታሩም በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ እንደ ታሰረ ንብ ይሆናል። ሳውንድ የሚሠራው ወንድም ያንን ሲሰማ የጊታሩን ቁልፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ጊታሪስቱ አልሰማ ብሎት ፔዳሉን ከፍ ያደርጋል፤ አንዱ ሲያወርድ አንዱ ሲሰቅል አምልኮው ያልቃል። ሁለቱ ከተኳረፉ ምክንያቱ ጠባይ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ አምፕ በሌለበት አዳራሽ አንድ መካከለኛ መልቲ ኢፌክት ከአምስት ውድ ፔዳሎች ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። መልቲ ኢፌክት ብዙ ድምፆችን በአንድ ሣጥን ይዞ በኮምፒውተር ዘዴ የሚሠራ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የአምፕንና የስፒከርን ጠባይ አስመስለው ያወጣሉ። ለየብቻ ፔዳል የሚወድ ሰውም መውጫ አለው፤ ከመጨረሻው ፔዳል በኋላ የአምፕንና የስፒከርን ሥራ የሚያስመስል አንድ ሣጥን ቢጨምር ችግሩ ይቃለላል። አምፕ ያለው ቡድን ግን ነገሩ ይገለበጥበታል። ጥሩ አምፕ ካለ አንድ ኦቨርድራይቭና አንድ ዲሌይ ብዙ ርቀት ይወስዳሉ፤ በዚያ ላይ የመልቲ ኢፌክቱ የተመሰለ አምፕ በእውነተኛው አምፕ ላይ ሲደረብ ድምፁ ይታፈናል፤ ያን ጊዜ የስፒከር ማስመሰያውን ማጥፋት ያስፈልጋል።

የመልቲ ኢፌክት ትልቁ ወጥመድ ሌላ ነው። ወጣቱ ሌሊት በሄድፎን ድምፆቹን አስተካክሎ ይመዘግባል፤ እሑድ ጠዋት ሲረግጣቸው አንዱ በሹክሹክታ፣ ሌላው እንደ ነጎድጓድ ይወጣል። ቅዳሜ ልምምድ ላይ በአዳራሹ ስፒከር እያደመጡ የሁሉንም ከፍታ ማመጣጠን ግድ ነው። በልምምድ ጊዜ አዳራሹ ባዶ መሆኑንም አንርሳ፤ እሑድ ሕዝቡ ጋቢውንና ጃኬቱን ለብሶ ሲሞላ ልብሱና ሰውነቱ ድምፅ ይመጥጣል።

ዲሌይና ችክችካ

አሁን ወደ ዝማሬው እንምጣ፤ በቪዲዮ የሚታየው አቀማመጥ ለእኛ የማይሠራው እዚህ ላይ ነውና። በውጭ አገር የአምልኮ ዝማሬ ዘንድ ታዋቂ የሆነው የዲሌይ አሞላል የተሠራው ለአራት አራተኛ ምት ነው። ምሳሌ እንውሰድ። ዝማሬው በደቂቃ 100 ምት ቢሄድ አንዱ ምት 600 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ 60,000ን ለ100 ማካፈል ነው። እነርሱ ዲሌዩን የምቱ ሦስት አራተኛ ላይ፣ ማለትም 450 ሚሊ ሰከንድ ላይ ያደርጉታል። በዚያ ምት ላይ ማሚቶው በመዳፍ ጭብጨባ መካከል እየገባ ያምራል።

የእኛ ፈጣን ዝማሬ ግን፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ ብዙውን ጊዜ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ ነው፤ ችክችካ የምንለው። እዚያ ምቱ የሚከፈለው ለአራት ሳይሆን ለሦስት ነው። በዚያው 600 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ንዑሳኑ ምቶች 200፣ 400 እና 600 ላይ ያርፋሉ። 450 ላይ የሚመጣ ማሚቶ ከየትኛውም ጋር አይገጥምም፤ ከድራሙ ጋር ይጋጫል፣ ጉባኤው የሚያጨበጭብበትን ቦታ ያደናግራል። ሕዝቡ «ዛሬ ሙዚቃው ተንገዳገደ» ብሎ ድራመሩን ይወቅስ ይሆናል፤ ጥፋተኛው ከጊታሪስቱ እግር ሥር ያለች ሣጥን ልትሆን ትችላለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ዝማሬ ላይ ዲሌዩን 200 ወይም 400 ላይ ማድረግ፣ አለዚያም ማጥፋት። በእግር እየነኩ ፍጥነቱን የሚሰጡት «ታፕ» ያለበት ዲሌይ ከሌለበት የበለጠ ዋጋ የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ መሪው ከዝግታ ዝማሬ ወደ ፈጣን ሳያቋርጥ ሲሻገር ጎንበስ ብሎ ቁልፍ ለማዞር ጊዜ የለም።

ቅኝቱም የራሱ ጥያቄ አለው። በትዝታ ሜጀር፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ጎረቤቶች የሉም፤ ስለዚህ ረጅም ዲሌይና ሪቨርብ ቢደራረብበትም ድምፆቹ ተስማምተው ይኖራሉ። አምባሰል ግን ዶን ከሬ ቤሞል፣ ሶልን ከላ ቤሞል ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ድምፅ ማሚቶው ሳያልቅ ጎረቤቱ ሲመታ ሁለቱ አየር ላይ ይፋጫሉ። አንቺሆዬም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ቅኝቶች ላይ ሪቨርቡን አሳጥሮ፣ ክሩን በመዳፍ እየያዙ እንደ ክራር ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ መምታት ያምራል። ኦቨርድራይቩም ቢሆን በሁለት ክሮች፣ በዶና በሶል ላይ ሲሆን ጥርት ይላል፤ ስድስቱን ክር ሙሉ ኮርድ ሲመቱበት ግን ይደበላለቃል። ኪቦርዱ ኮርዱን ይዞታልና ጊታሩ መድገም የለበትም።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ከጊታሩ ቀጥሎ ቲዩነር፣ ቀጥሎ ዋው ዋው ካለ እርሱ፣ ኦቨርድራይቭ፣ ኮረስ፣ ዲሌይ፣ በመጨረሻ ሪቨርብ ቢሆን ይመረጣል። ዲሌዩ ከኦቨርድራይቩ በፊት ቢገባ ማሚቶዎቹ ሁሉ አብረው ይሻክሩና ጭቃ ይሆናሉ። ቲዩነር የመጀመሪያው ግዢ ቢሆን እመክራለሁ። ድምፅ የሚያሳምር ነገር ስለሌለው ወጣቶች ይንቁታል። ነገር ግን አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ በቆጂ ደግሞ ከዚያም ከፍ ብላ የምትገኝ ናት፤ ከጭላሎ በሚወርደው የጠዋት ብርድ የተቃኘ ጊታር ሰው በሞላበት አዳራሽ ሲሞቅ ክሩ ይላላል፤ ድምፁም ይወርዳል። በጸሎት መካከል ድምፅ ሳያሰሙ መቃኘት የሚቻለው በቲዩነር ፔዳል ነው።

ሪቨርብን ግን አትግዙ ብል ይሻላል። የሲሚንቶ ወለል፣ ባዶ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ራሱ ሪቨርብ ነው። ርዝመቱ 20 ሜትር ቢሆን ከመድረክ የወጣው ድምፅ የኋላውን ግድግዳ መትቶ እስኪመለስ 40 ሜትር ይጓዛል፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ከ120 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ይህ በነፃ የተሰጠ ዲሌይ ነው። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ስስ የሆኑት ኢፌክቶች ሁሉ ይጠፋሉ፤ የሚሰማው ንጹሕና አጭር ምት ብቻ ነው።

ኤሌክትሪኩ

አብዛኞቹ ፔዳሎች የሚሠሩት በ9 ቮልት ነው፤ የአዳፕተሩ ጫፍ መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ። ጫፉ ስለገጠመ ብቻ የሌላ ዕቃ ቻርጀር መሰካት ፔዳሉን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። በተለይ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው አዳፕተር ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። እዚያ ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ስለሆነ፣ «100–240» የሚል ያልተጻፈበት አዳፕተር ግድግዳ ላይ በተሰካ ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል።

ባትሪም ቢሆን እንደ ፔዳሉ ዓይነት ነው። ጥሩ አልካላይን ባለ 9 ቮልት ባትሪ 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል። ኦቨርድራይቭ ከ5 እስከ 10 ሚሊ አምፔር ብቻ ስለሚፈልግ ለሳምንታት አምልኮ ይበቃዋል። 60 የሚፈልግ ዲጂታል ዲሌይ ግን በስምንት ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የባትሪው ማብሪያ የእግር መርገጫው ሳይሆን የመግቢያው ጃክ መሆኑን ነው፤ ኬብሉ ተሰክቶ ያደረ ፔዳል መብራቱ ባይበራም ባትሪውን ሲበላ ያድራል። «መብራት ቢጠፋ እንኳ የባትሪ ፔዳል ይሠራል» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ሚክሰሩ አብሮ መጥፋቱ ነው እንጂ።

ስለ ኧርዝ፣ ማለትም ስለ መሬት ሽቦ፣ በቀልድ አላልፈውም። ጊታሪስቱ ክሩን ይዞ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ የሚነዝረው ከሆነ፣ የአዳራሹ ኤሌክትሪክ ችግር አለበት ማለት ነው። ይህ ሰው ሊገድል ይችላል። ጉምጉምታውን ለማጥፋት ሲባል የመሬት ሽቦውን መቁረጥ ደግሞ ብሎ ብሎ የሌለበት አደጋ ነው። የመድረኩ መሣሪያዎች በሙሉ፣ አምፑም፣ ኪቦርዱም፣ ፔዳሉም፣ ኧርዝ ካለው አንድ ሶኬትና ዲቫይደር ቢያገኙ ጉምጉምታው ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ሽማግሌዎች ከአዲስ ስፒከር በፊት ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።

ሰሌዳውን ከውጭ ማስመጣት ፈጽሞ አያስፈልግም። የአሰላ አናጢ 60 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ከኮምፔንሳቶ ሊሠራው ይችላል፤ ወደ ኋላ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ኬብሉ ከሥር የሚያልፍበት ክፍተት ኖሮት፣ መያዣና ክዳን ተጨምሮለት። እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ ግን ይጣመማል፤ ክብደቱም ሌላ ነው። ክዳኑን የምለው በመኸር ጊዜ ከስንዴውና ከገብሱ ማሳ የሚነሣው አቧራ የፔዳል ቁልፎችን ስለሚያንኳኳቸው ነው።

የቤቱ በጀት

እስኪ ባልና ሚስት አብረን እናስላ። በውጭ አገር 100 ዶላር የሚሸጥ አንድ ፔዳል እንውሰድ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለ ነበር ዋጋው 5,700 ብር ያህል ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ዶላር ከ130 ብር አልፎ ነበርና ያው ፔዳል ከ13,000 ብር በላይ ሆነ፤ ይህም ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመርበት ነው። የአምልኮ ጊታሪስቶቻችን አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ፣ ኑሮአቸውን በመምህርነት፣ በንግድ ወይም በቢሮ ሥራ የሚመሩ ናቸው። አራት ፔዳል ማለት የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ወይም የክረምቱ ጤፍ ማለት ሊሆን ይችላል።

በአንዳንድ ቤት የሚሰማውን ንግግር እንገምት።

«አንተ፣ ይህቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?»

«ዲሌይ ናት።»

«ያቺኛዋስ?»

«እሷም ዲሌይ ናት፤ ግን ሌላ ዓይነት ናት።»

«ልጅህም ሌላ ዓይነት ጫማ ይፈልጋል።»

እኅታችን ልክ ናት። ወንድማችንም ቢሆን ሁለቱ ዲሌዮች በእርግጥ ይለያያሉ። ችግሩ ልዩነቱን የሚሰማው እርሱ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን «ከጓደኛዬ ተውሼ ነው» ተብሎ የሚገባ ፔዳል ነው። ስለ ግንብ ሠሪው የተነገረውን ምሳሌ በመድረክ የሚዘምር ሰው ወጪውን ከትዳር ጓደኛው ሰውሮ ሰሌዳ ሲሞላ አያምርም። አንዳንድ ባለ ትዳሮች ጥሩ ደንብ አላቸው፤ አዲስ ፔዳል የሚገባው አሮጌው ተሸጦ ከወጣ ብቻ ነው። በዓመት መጀመሪያ ለመሣሪያ የሚሆነውን ገንዘብ አብረው ወስነው፣ ከዚያ ውስጥ የሚገዛውን ለእርሱ የሚተዉም አሉ። ሚስትየዋ ራሷ ጊታሪስት በሆነችበት ቤትም ደንቡ ያው ነው።

የቤቱን ሰላም ካሰብን ለመልቲ ኢፌክቱ አንድ ነጥብ እንጨምርለት፤ አብዛኞቹ የሄድፎን መሰኪያ አላቸው። ልጆች ከተኙ በኋላ አባት ተቀምጦ ሲለማመድ የሚሰማው የክሩ ጠቅ ጠቅታ ብቻ ነው። ለጆሮም እንጠንቀቅ። 100 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ ከ15 ደቂቃ በላይ ቢሰሙት መስማትን እንደሚጎዳ የሥራ ጤና ባለሙያዎች ያስጠነቅቃሉ። ሕፃን ያቀፉ እናቶች ከስፒከሩ ፊት የሚቀመጡበት አዳራሽ ካለ፣ መቀመጫው እንዲቀየር የሚያደርግ አስተናጋጅ ያስፈልጋል።

ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ለመግዛት ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው የራሱን ጊታርና ኬብል ይዞ ይሂድ፤ 175 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በሌላ ሰው ጊታር መሞከር ዋጋ የለውም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ያዙር፤ የሚንኳኩ ከሆነ አቧራ ወይም እርጅና ነው። ጃኩን ያወዛውዝ። የባትሪ ቤቱን ከፍቶ ያፈሰሰ ባትሪ ያረፈበት ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት እንዳለ ይይ። ዋጋውን ከመከራከሩ በፊት ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ያለ ማቋረጥ ያሠራው፤ ሲግል የሚጠፋ ዕቃ አለና።

በመጨረሻ የባለቤትነት ነገር ሳይነሣ መቅረት የለበትም። ግማሹን ቤተ ክርስቲያን፣ ግማሹን ጊታሪስቱ የገዙት ሰሌዳ፣ ጊታሪስቱ ሥራ ተዛውሮ ወደ አዳማ ወይም ወደ ሐዋሳ በሚሄድበት ቀን የጠብ ምክንያት ይሆናል። በእኔ ሐሳብ ዲቫይደር፣ ረጅም ኬብል፣ ዲአይ ቦክስና አምፕ የአጥቢያው ይሁኑ፤ ከጫማው ሥር ያለው ፔዳል የጊታሪስቱ ይሁን። አጥቢያው ፔዳል ከገዛ ደግሞ ጀርባው ላይ ስም ተለጥፎበት በንብረት መዝገብ ይግባ። ኮንፈረንስ ሲኖር ተዋሽ አጥቢያም በፊርማ ይውሰድ። ሰሌዳው በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ከከረጢትና ከዶሮ ጋር እንዳይታሰር፤ እስከ በቆጂ ድረስ በጭን ላይ ይሂድ፤ ሲደርስም ከመሰካቱ በፊት የጄኔሬተሩ ቮልት ይለካ።